ፓወር ኮርድ ሁሉ ፓራለል ፊፍዝ አይደለም እንዴ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከፓወር ኮርድ (እንደ ዶ-ሶል ያሉ ሁለት ኖታዎች ብቻ ያሉት ኮርድ) ሌላ ብዙ አልነካም ነበር። አሁን ሃርመኒ እየተማርኩ ነው። የአራት ድምፅ የቤት ሥራ ሠርቼ ባስረክብ፣ መምህሬ ቤዙንና ቴነሩን (ሁለቱን የታች ድምፆች) በቀይ አክብቦ መለሰልኝ። ዶ-ሶል ወደ ሬ-ላ ሄዷል፣ ሁለቱ ድምፆች የአምስት ኖታ ርቀታቸውን (ፊፍዝ) ጠብቀው አብረው ተንቀሳቅሰዋል፤ ይህ ፓራለል ፊፍዝ ነው፣ ክልክል ነው አለኝ። ግን እጄ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው! ስሳሳት ነው የኖርኩት?

መልስ 1፦
አልተሳሳትክም ወንድሜ። ሕጉ የመጣው ከመዘምራን አጻጻፍ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ድምፅ በራሱ መንገድ እንዲሄድ ይፈለጋል። ፊፍዝ ደግሞ በጣም የሚስማማ ርቀት ነው፤ የንዝረቱ ምጣኔ 3 ለ 2 ነው። ሁለቱ ተያይዘው ሲሄዱ ጆሮ እንደ አንድ ይሰማቸዋል። አራት ድምፅ ጽፈህ ሦስት ቀረህ ማለት ነው። ፓወር ኮርድ ላይ ግን የምትፈልገው ይህንኑ ውህደት ነው። አንድ ዜማ ነው፣ ወፍሮ።

መልስ 2፦
ዲስቶርሽኑንም (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረውን ኢፌክት) አትርሱት። ወፍራሙን ሚ (82 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 82 ንዝረት ገደማ) ከሲ (123 ገደማ) ጋር ምታ። ዲስቶርሽኑ የሁለቱን ልዩነት፣ 41 ኸርዝ፣ ይጨምርበታል። ያ ከሚ አንድ ኦክታቭ የወረደ ሚ ነው! ለዚህ ነው እንደዚያ የሚከብደው። ሶል ሻርፕ (ሙሉ ሜጀር ኮርድ የሚያደርገውን ሦስተኛ ኖታ) ጨምርበትና ስማው፤ ወዲያው ይደፈርሳል።

ጠያቂው፦
አሁኑኑ ሞከርኩት። ሶል ሻርፑ እውነትም አጨማለቀው። በጣም አመሰግናለሁ! የቤት ሥራው ላይ ቴነሩን ወደ ታች፣ ወደ ፋ አወረድኩት፤ አሁን ሁለቱም ለየብቻ ይሰማሉ።