የሥራ ድጋፍ ፕሮፖዛላችን፦ ማሽን እንጠይቅ ወይስ ትዕዛዝ? (የዕቅድ ውይይት፣ ሀዋሳ)

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ዳቶ ሰፈር ተሰብስበን ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰው። ከፋብሪካ የወጡ ልጆች፣ የከተማው ልብስ ሰፊዎችና እንጀራ ጋጋሪ እናቶች በአንድ ፕሮፖዛል የመንግሥት ድጋፍ እንጠይቅ ብለን ተስማምተናል። የመጀመሪያው ረቂቅ 40 የስፌት ማሽንና የ3 ወር ሥልጠና ይላል። እኔ ይህ ይቀየር ባይ ነኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሰፈራችን እንዴት እንደተለወጠ ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ ከየገጠሩ መጡ። ሰው ጓሮውን እየሸነሸነ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ አከራየ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ተሰረዝን። ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክሩ 32 በመቶ ቀረጥ መጣበት። ገዢው ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር አዞረ። ልጆቹ የተበተኑት መስፋት አቅቷቸው አይደለም፤ የሚሰፋ ጠፍቶ ነው። ታዲያ ትዕዛዝ ላጣ ሰው 3 ወር ሥልጠና ምን ይሠራለታል?

የቀድሞ ኦፕሬተር፣ ዳቶ፦
ልክ ነህ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኔ 3 ዓመት የሰፋሁት ኮሌታ ብቻ ነው። ኮሌታ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እሰፋዋለሁ። ከጎኔ የነበረችው እጅጌ ትገጥማለች፣ ቀጥሎ ያለችው የቁልፍ ቀዳዳ። አንድ ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆርጠሽ ስፊ ብትሉኝ አልችልም። ጎረቤቶቼ "አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽ፣ ይህን ቀሚስ አጥብቢልኝ" ሲሉኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ስለዚህ አንዳንድ ማሽን ሰጥተው ቢበትኑን ዋጋ የለውም። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ተደራጅታ ማሽን በብድር ወስዳ ነበር። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ማሽኑ ጥግ ላይ ነጠላ ለብሶ ቆሟል። ላዩ ላይ ረከቦት ተቀምጦበታል። ብድሩ ግን በየወሩ ይጠየቃል።

ልብስ ሰፊ፣ መናኸሪያ፦
እኛ ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነን፣ እህቴ። 22 ዓመት ስለካና ስቆርጥ ኖሬአለሁ። በቀን ግን ቢበዛ 3 ሱሪ ነው የሚወጣኝ። አንድ ትምህርት ቤት 200 የደንብ ልብስ ቢያዘኝ "አልችልም" ብዬ እመልሰዋለሁ። መልሼም አውቃለሁ። እናንተ በላይን፣ ማለት ሥራውን ተከፋፍሎ እየተቀባበሉ፣ በታርጌት፣ ማለት በቀን ይህን ያህል ተብሎ፣ መሥራት ታውቃላችሁ። ቆራጭ ከእኛ ይምጣ፣ ላይኑን እናንተ ያዙት።

ለዚህ 40 ማሽን አያስፈልግም። አንድ ሼድ፣ 15 ማሽን፣ 2 ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መዝጊያ)ና አንድ የቁልፍ ቀዳዳ ማሽን ለመጀመሪያ ይበቃናል። የቀረው ገንዘብ ጨርቅ ይግዛ። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ጣቃ ጨርቅ ልግዛ ብሎ መርካቶ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ጨርቅ በእጁ የሌለ ሰፊ ትዕዛዝ ቢመጣለትም መቀበል አይችልም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁላችሁም ጊዜውን አትርሱብኝ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ተፈቅዶ፣ ውል ተፈርሞ፣ ገንዘቡ አካውንት ውስጥ እስኪገባ ጥቅምት ቢደርስ አይግረማችሁ። የደንብ ልብስ የሚፈለገው ደግሞ ለመስከረም ነው። እሱን ብቻ ተማምነን ከጻፍን የመጀመሪያው ዓመት ባዶ እጃችንን ያልፋል። ሆስፒታል አንሶላና የሠራተኛ ልብስ ዓመቱን ሙሉ ይፈልጋል። ከሐይቁ ዳር ጀምሮ ከተማው ሆቴል በሆቴል ነው፤ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ያስፈልጋቸዋል። በእነዚህ እንጀምርና ለደንብ ልብሱ ከግንቦት ጀምረን እንዘጋጅ።

ለተቋማት ለመሸጥ ጨረታ ስንገባ የሚጠየቀው ማስከበሪያ ገንዘብ ያሳሰባችሁም አትጨነቁ። በጥቃቅንና አነስተኛ ከተደራጀን ያደራጀን አካል የሚሰጠው የዋስትና ደብዳቤ በምትኩ ይያዛል። ንግድ ፈቃዱና ቲን ቁጥሩ ግን በማኅበሩ ስም መሆን አለበት፣ በአንድ ሰው ስም አይሆንም።

ወጣት አባል፣ ታቦር፦
ብድርስ ለምን አንጠይቅም? በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦ ነበር። ብድር ቶሎ ይገኛል ይባላል።

ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ ብድር ገበያ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ሽያጭ ሳይጀመር የመጣ ብድር ምን እንደሚያደርግ ከላይ ስለ ረከቦቱ የተጻፈውን አንብበው። እኔ ለሁለት እንክፈለው እላለሁ። ማሽኑን በሊዝ፣ ማለት እየሠራንበት ዋጋውን ቀስ በቀስ በመክፈል፣ እንውሰድ፤ ከሽያጭ እንከፍላለን። የመጀመሪያው 6 ወር ደሞዝና የጨርቅ መግዣው ግን በድጎማ ይሁን። ትዕዛዙን ለማግኘት ከተማው ውስጥ ያሉ የመንግሥት ተቋማት ከሚገዙት ልብስ ለእንዲህ ዓይነት ማኅበራት ድርሻ እንዲለዩልን በግልጽ እንጠይቅ። ዋናው ጥያቄያችን እሱ ነው።

እንጀራ ጋጋሪ እናት፦
ልጆቼ፣ የምታጽፈኝ የልጅ ልጄ ናት። ችግረኞችን በሕዝብ ሥራ እያሠራ የሚከፍለው የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ከሀዋሳ ከታቀፉት አንዷ ነበርኩ። አዳማም ነበረች። መንገድ ጠረግን፣ ቦይ አጸዳን። ክፍያው መጣ፣ 20 በመቶው ይቆጠብልን ነበር። ያ ተጠራቅሞ ነው የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛሁት። እኔን የለወጠኝ በእጄ የገባው ክፍያ ነው፣ ስብሰባው አይደለም። ለእነዚህ ልጆችም ቁጠባዋን አስገቡላቸው።

የእኔ ገበያ እነሱ ናቸው። በፊት ማታ 11 ሰዓት ተኩል ሰርቪሱ ሲያወርዳቸው እንጀራው ከበሬ ላይ ያልቅ ነበር። ሁለት ሁለት እየያዙ፣ የሌላትም በዱቤ ጽፋ። አሁን የጋገርኩት ያድራል። ስለዚህ "ተጎጂው ማን ነው" የሚለው ቦታ ላይ ልጆቹን ብቻ አትጻፉ። ደግሞ ብዙዎቹ ወልደዋል። የልጅ ማቆያ ካልገባበት ግማሾቹ አይመጡላችሁም። ሼዱ ውስጥ አንድ ክፍል ይለይ፣ ሁለት እናቶች በተራ እንይዛለን።

የቀድሞ ኦፕሬተር፣ ዳቶ፦
እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኔም ልጅ 2 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ለመናገር አፍሬ ነበር።

ወጣት አባል፣ ታቦር፦
የሊዙ ነገር ገብቶኛል፣ እስማማለሁ። ግን ሥልጠና የሚለውን ጨርሰን ብናወጣው ቅጹን ይቀበሉናል? ራሱን የቻለ ቦታ አለው።

ልብስ ሰፊ፣ መናኸሪያ፦
2 ሳምንት እንጻፍ። መለካትና መቁረጥ እኔ አሳያለሁ፣ ሒሳብ አያያዝ ገንዘብ ያዣችን። በላይን መሥራትን እኛ ከልጆቹ እንማራለን። ይህም ሥልጠና ነው።

ጸሐፊ፦
ጥሩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ ቀየርኩት፤ የማይስማማ ይናገር። "እኛ የምንጠይቀው ሙያ ያላቸው ሰዎች የሚሠሩት ሥራ እንዲያገኙ ነው። አንድ የጋራ ሼድ ከልጅ ማቆያ ጋር፣ የጨርቅ መግዣ፣ 20 በመቶው የሚቆጠብ የ6 ወር ደሞዝ፣ ከተቋማት ግዥም ድርሻ እንዲለይልን እንጠይቃለን።"

ገንዘብ ያዣችን እስከ ማክሰኞ የጨርቅና የሊዝ ዋጋ ከሦስት ቦታ ያምጣ። ልብስ ሰፊዎች ወደ ሆቴሎቹ ሄዳችሁ በወር ስንት አንሶላና ሽርጥ እንደሚገዙ ጠይቁልን፤ በጽሑፍ ከሰጡን ከፕሮፖዛሉ ጋር አባሪ እናደርገዋለን። የልጆቹን ስም ዝርዝር ማን ይይዛል?

የቀድሞ ኦፕሬተር፣ ዳቶ፦
እኔ ጋ ነው። 18 ነን። 5ቱ ቤት ኪራይ አቅቷቸው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፣ ትናንት ደወልኩላቸው። ሁለቱ "ሥራው የእውነት ከሆነ በማግስቱ እንመጣለን" አሉኝ። ስማቸውን ላስገባ ወይስ ይቆይ?

ጸሐፊ፦
አስገቢ። አምስቱንም አስገቢ።