የቆሼ አካባቢ እርጉዞችና ጭሱ፦ ፕሮፖዛሉን እንጨርሰው

ሰብሳቢዋ፦ ሰላም ናችሁ? ለጤና ቢሮና ለአካባቢ ጥበቃ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ በዚህ ሳምንት መልክ መያዝ አለበት። የመጀመሪያው ረቂቅ «የረጲው ማመንጫ እናቶችን ስለጎዳ ይዘጋ» ይላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከቆሼ የቆሻሻ ክምር ጎን ያለው፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማለት ነው። የማትስማሙ በምን ይተካ እንደምትሉ አብራችሁ ጻፉ። «እደግፋለሁ» ብቻ እያላችሁ አትለፉ በናታችሁ።

አዋላጇ፦ እኔ እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ አልፈርምም። እንግሊዝ አገር በ22 የቆሻሻ ማቃጠያዎች ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወሊድ ተጠንቷል። ከማቃጠያው የሚወጣው ብናኝ ከልጅ ክብደትም ሆነ ሞቶ ከመወለድ ጋር ሲያያዝ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ቅርብ በሚኖሩት ላይ አንዳንድ የልብና የብልት አፈጣጠር ችግሮች በትንሹ ከፍ ብለው አግኝቷል። ምክንያቱ ማቃጠያው ይሁን ሌላ ነገር ግን መለየት አልቻለም። ሰሜን ኢጣሊያ፣ ኤሚሊያ ሮማኛ ውስጥ ደግሞ ጭሱ በበዛበት ቦታ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆች በዝተው ተገኝተዋል። «ይዘጋ» ብለን ከገባን የመጀመሪያው ባለሙያ የእንግሊዙን አውጥቶ ያሳየናል። ስብሰባውም እዚያው ያበቃል።

የቀጠናው ነዋሪ፦ ሲስተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እንግሊዝና ቆሼ አንድ ናቸው እንዴ? እኛ ጋ ከማመንጫው ጎን የተቆለለው ቆሻሻ ራሱ ይጨሳል። መጋቢት 2009 ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የበላው ክምር ማለት ነው። እርጉዝ ሆኜ ለክትትል ስሄድ «ከጭስ ራቂ» ተባልኩ። ወዴት ልራቅ? ቤቱ የረከሰልን እኮ በጭሱ ምክንያት ነው።

አዋላጇ፦ ልክ ነሽ የኔ እህት። እኔም አይጎዳም አላልኩም። እዚያ ይለካል። እዚህ ልኬቱ የታለ? ጥያቄያችን ይሄ ይሁን ነው የምለው።

ጋሼ መሐንዲሱ፦ እንግዲያው በደንብ እንጠይቅ። ማመንጫው ነሐሴ 2010 ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንደሚያቃጥልና የአውሮፓን የልቀት ደረጃ እንደሚከተል ተነግሮናል። ደረጃው ጋዙ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ 850 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ያዛል። ዳይኦክሲን የሚባለው፣ ቆሻሻ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠረው መርዝ ደግሞ በሜትር ኩብ ከ0.1 ናኖግራም ማለፍ የለበትም። የእኛ ቆሻሻ ግን እርጥብ ነው፤ የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትርፍ ይበዛዋል፤ እሳቱን ያደክመዋል። ምድጃ ሲነሣና ሲጠፋም ቃጠሎው ይበላሻል። ስለዚህ የሙቀት መዝገቡን፣ የሠራባቸውንና የቆመባቸውን ቀናት፣ የዳይኦክሲን ልኬቱን እንጠይቅ። የማጣሪያው አመድ የት እንደሚደፋም አትርሱ። ጭሱ ሲጣራ መርዙ የሚቀረው እዚያ አመድ ላይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፦ ሁላችሁም የረጲን ጢስ ማውጫ ብቻ ታያላችሁ። የጤና ጣቢያ ጓሮስ? በጡብ የተሠራው የቆሻሻ ማቃጠያ ጓንቱንም፣ መርፌውንም፣ የግሉኮስ ከረጢቱንም ይውጣል። ከረጢቱና ቱቦው ብዙ ጊዜ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ክሎሪን አለበት። በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዳይኦክሲን ይፈጠራል። ማጣሪያ የሚባል ነገር የለውም። እኔ በማውቀው አንድ ጤና ጣቢያ ጠዋት ይለኮሳል። በዚያው ሰዓት እርጉዞቹ ካርዳቸውን ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ፤ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው።

ምክትል ሰብሳቢው፦ ይሄኛው ቢቀርስ? ቢሮው ይቀየመናል። የወሊድ መዝገቡን የምንለምነው ከማን ሆነና!

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፦ ይቀየም። ከሁሉም ቀድሞ ሊስተካከል የሚችለው እኮ ይሄ ነው። ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ማዞርና ፒቪሲውን ለብቻ መለየት ብዙ በጀት አይጠይቅም።

ሰብሳቢዋ፦ ይገባል። የራሳችንን ጓሮ ዘለን ሰው ላይ ብንጮህ ማን ይሰማናል?

አዋላጇ፦ መዝገቡን ካነሣችሁ፣ አሁን ባለው አኳኋን ብዙም አይጠቅመንም። አድራሻው ወረዳ ላይ ይቆማል። ብዙዋ እናት ተከራይ ናት፤ በእርግዝናዋ መሐል ቤት ትቀይራለች። የመጀመሪያ ልጇን ደግሞ እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ክትትል እንጠይቃት፦ የት ቀጠና ነሽ? ከመቼ ጀምሮ? በምን ታበስያለሽ? ከሰሉን በፌስታል ነው የምትለኩሺው? ይሄ ካልተጠየቀ የማድ ቤቱን ጭስ ከማመንጫው ጭስ መለየት አንችልም። ሚዛኑም አለ። ባዶውን እንኳ ዜሮ ላይ የማይቆም ሚዛን አይቻለሁ። ሥራ ሲበዛ ልጁ ሁሉ «3 ኪሎ» ተብሎ ይጻፋል። የመቶ ግራም ልዩነት በዚህ አይታይም፤ ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነውም ሊያመልጠን ይችላል። ዲጂታል ሚዛን በጀቱ ውስጥ ይግባልኝ።

የሕግ ባለሙያው፦ አጭር ነገር ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ «እኔ ተጎድቻለሁ» ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ ለሚመለከተው ባለሥልጣን አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን መልስ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የመረጃ ጥያቄያችንን በዚህ አዋጅ ላይ እናስደግፈው። ማስፈራሪያ ግን አይምሰል።

የቀጠናው ነዋሪ፦ ለእናቶች ምን እንደምንነግርም ጻፉ። «ጡትሽ መርዝ አለበት» የሚል ወሬ ተነሥቷል፤ አንዷ ጎረቤቴ ዱቄት ወተት ልትጀምር ነው።

አዋላጇ፦ በጭራሽ! ዳይኦክሲን በአብዛኛው የሚገባው በምግብ ነው፤ በሥጋ፣ በወተት፣ በዓሣ። የጡት ወተት ላይ ጥቂት ቢገኝም ጥቅሙ ያመዝናል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አጥቡ ነው የሚለው። አመድ ላይ የሚጭሩ ዶሮዎችን እንቁላል ግን እርጉዝ ባትበላ እመርጣለሁ።

ሰብሳቢዋ፦ እሺ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ተቀይሯል፦ «በቆሼና በረጲ አካባቢ የሚኖሩ እርጉዞች የሚተነፍሱት አየር ይለካ፤ ውጤቱም ለነዋሪው ይገለጽ፤ የጤና ጣቢያዎች ማቃጠያ በክትትል ሰዓት አይለኮስ።» «ይዘጋ» የሚለው ወጥቷል፤ ልኬቱ ሲመጣ እንመለስበታለን። ጋሼ፣ የአየር መለኪያ መሣሪያውንና የሚዛኑን ዋጋ እርስዎ ያጣሩልን። እሁድ 8 ሰዓት ተገናኝተን እንፈርም።

የቀጠናው ነዋሪ፦ እሁድ 8 ሰዓት እድር አለ። 10 ሰዓት አድርጉት፤ እኔም ከእድሩ እርጉዞቹን ይዤ እመጣለሁ፤ እነሱም ይፈርሙ።