ንብ ፎቶ ሳነሳ ዓይኗ ብቻ ነው የሚጠራው፣ ምን ላድርግ?

ጦሳ ግርጌ፦ ሰላም የወሎ ልጆች። ደሴ ነኝ። 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንሴን በሪቨርስ ሪንግ (ሌንስን ገልብጦ ካሜራ ላይ በሚያስገጥም ቀለበት) ገልብጬ አደይ አበባ ላይ ያሉ ንቦችን አነሳለሁ። ዓይኗ ሲጠራ ክንፏ ጭጋግ ይሆናል። ንፋስ ከመጣማ በቃ!

ሐይቅ ዳር፦ ወንድሜ ሌንሱ ደህና ነው። እንደዚያ ስትጠጋ ጥርት የሚለው ቦታ 1 ሚሊ ሜትርም አይሞላ። የተገለበጠ ሌንስ ደግሞ ከካሜራው ጋር ስለማይገናኝ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ በሰፊው ክፍት ይቀራል፣ ያ ደግሞ ጥርት የሚለውን ቦታ ያጠብበዋል። ካሜራህ ካኖን ከሆነ ሳትገለብጠው ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ አድርግ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ የጥልቀት ማሳያውን ቁልፍ (ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ፕሪቪው) ተጭነህ እንደያዝክ ሌንሱን ንቀለው፣ ቀዳዳው በዚያው ጠቦ ይቆያል፣ ከዚያ ገልብጠህ ግጠመው። ኤፍ 22 ግን እንዳታስበው፣ ሁሉም ይደበዝዛል።

ገራዶ፦ እኔ የምለው ስለ ሰዓቱ ነው። የቀፎ ንብ በብርድ አትወጣም፣ አንዳንድ የዱር ንቦች ግን አበባ ላይ ያድራሉ፣ ፀሐይ ሳይሞቃቸው ከደረስክባቸው ንቅንቅ አይሉም። ያኔ ትኩረቱን በጥቂት በጥቂቱ እያራመድክ ደጋግመህ አንሳና በኮምፒውተር አንድ ላይ አዋህዳቸው። ፍላሽ ከተጠቀምክ ነጭ ወረቀት ሸፍንበት፣ አለበለዚያ ጀርባዋ ያብረቀርቃል።

ጦሳ ግርጌ፦ ካኖን ነው! አላህ ይስጥልኝ። የደሴን የጠዋት ብርድ ማን ይችለዋል እንጂ እሞክረዋለሁ።

ሐይቅ ዳር፦ ጋቢ ልበስ 😄 ፎቶውን እዚሁ ለጥፍልን።