አራስ ቤት ሆኜ ጸሎቴን እንዴት ላድርስ?

ሰላም እህቶቼ። በተለይ የወለዳችሁ ምከሩኝ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ገና አራስ ነኝ። ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። እሱስ ሥርዓት ነው፣ በደስታ እጠብቃለሁ። የቸገረኝ የቤቱ ጸሎት ነው።

ከመውለዴ በፊት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ወደ ምሥራቅ ቆሜ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርስ ነበር። ከዳዊትም የቀኑን። አሁን ገና "በስመ አብ" ስል ታለቅሳለች። ጡት ይዛ ሸለብ ሲያደርጋት በአንድ እጄ መጽሐፉን ልገልጥ እሞክራለሁ። ወረቀቱ ኮሽ ሲል ትነቃለች። ከስልክ ላንብብ ብል መብራቱ ዓይኗ ላይ ያርፋል። በቃሌ የማውቀውንም እንቅልፍ ስለሚጥለኝ መሀል ላይ ይጠፋብኛል።

እናቴ "አራስ አይደለሽ እንዴ፣ እግዚአብሔር ያውቅልሻል፤ አባታችን ሆይ በይና ተኚ" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ አባታችን ሆይ ትንሽ ጸሎት አይደለም። ግን ውዳሴ ማርያም ሳላደርስ ስውል ሆዴ ይባባል። በጣም ናፍቆኛል።

እናንተ እንዴት አደረጋችሁ? እያጠባችሁ ተቀምጣችሁ ነው የምትጸልዩት ወይስ ጋደም ብላችሁ? ዳዊቱን ለጊዜው ትቼ ውዳሴ ማርያሙን ብቻ ልያዝ? በድምፅ የተቀዳውን ከፍታችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ አብራችሁ ያላችሁስ አላችሁ? የንስሐ አባቴን ለክርስትናው ስንነጋገር እጠይቃቸዋለሁ። እስከዚያ ግን በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።