ዋርብሬከርን አሁን ላንብበው ወይስ ልዝለለው?

የብራንደን ሳንደርሰንን ኮስሜር (እርስ በርስ የተያያዙ የፋንታሲ ልብወለዶቹን) የምታነቡ እስቲ እርዱኝ። የሚስትቦርን ተከታታይን የመጀመሪያዎቹን ሦስት መጻሕፍት ጨርሻለሁ፤ ከስቶርምላይት ተከታታይ ደግሞ የ2010ሩንና የ2014ቱን (ዎርድስ ኦፍ ሬድያንስን)።

የሚስትቦርን አስማት ገብቶኛል። ብረት ትውጣለህ፣ ሆድህ ውስጥ ታቃጥለዋለህ፣ አንዱ ብረት ይገፋል ሌላው ይስባል፣ ፊዚክስ በለው። የስቶርምላይት ዓለም ሮሻር ላይ ደግሞ ኃይሉ ከማዕበል መጥቶ እንቁ ውስጥ ይጠራቀማል። እሺ፣ ይሁን። ሆይድ የሚባለው ገጸ ባህሪም ሁለቱም ዓለም ላይ ብቅ ሲል አይቼዋለሁ፣ ሰውዬው ይመቸኛል።

የተቸገርኩት ዎርድስ ኦፍ ሬድያንስ መጨረሻ ላይ ነው። ስዜት ለሚባለው ገጸ ባህሪ የተሰጠው ያ የሚያወራ ጥቁር ሰይፍ ዝም ብሎ ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለው። ስፈልግ ከ2009ኙ ዋርብሬከር የመጣ ነው አሉ፣ እዚያ ደግሞ አስማቱ የሚሠራው በሰው ትንፋሽ ነው፤ ከዚያ በላይ ላንብብ ስል የኦዝብሪንገር (የስቶርምላይት ሦስተኛ መጽሐፍ) ታሪክ መዘርገፍ ጀመረ፣ ወዲያው ዘጋሁት።

አንዱ ጓደኛዬ ዝለለው ይላል፣ ሌላው መዝለሉን እንዳታስበው ይላል። ገንዘብ አይደለም ችግሩ፣ ዋርብሬከርን ደራሲው ራሱ ድረ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጦታል። ግን ኦዝብሪንገር ከ1,200 ገጽ በላይ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ እየጠበቀኝ ነው።

ታሪኩን ሳትነግሩኝ፦ ዋርብሬከርን ሳላነብ ኦዝብሪንገርን ብጀምር የሰይፉ ነገር ይገባኛል ወይስ ግማሹ ያመልጠኛል?