«28 ኦቶብሬ» የሚል የጣሊያን ወታደር ፖስት ካርድ፦ ዘመኑንና ላኪውን እንዴት ላጣራ?

ጥያቄ
በወረራው ጊዜ የተላከ የሚመስል የጣሊያን ወታደር ፖስት ካርድ እጄ ገብቷል። ፊቱ ላይ መድፍ ከበው የቆሙ ወታደሮች አሉ። ጀርባው ላይ «ፖስታ ሚሊታሬ» (የጦር ሠራዊት ፖስታ) የሚል ክብ ማህተም አለ፤ ቀኑ ደብዝዟል፣ ከጎኑ ግን የሮማ ቁጥር 14 ይነበባል። ቴምብር የለውም። በእርሳስ «28 ኦቶብሬ» እና «ፓሶ ኡዋሪዬው» ተጽፏል። ኦክቶበር 28 ቀን ተጻፈ ብዬ ልያዘው? ሐሰተኛ አለመሆኑንስ በምን ልለይ?

መዝገብ ፈታሽ
ቀን ነው ብለው አይያዙት። ወረራው ላይ ከተሰለፉት የጥቁር ሸሚዝ (የፋሽስት ሚሊሻ) ክፍለ ጦሮች የአብዛኞቹ ስም ቀን ነበር፦ «23 ማርዞ»፣ «21 አፕሪሌ»፣ «3 ጄናዮ»፣ «28 ኦቶብሬ»ም ከነዚያ አንዱ ነው። ኡዋሪዬው ደግሞ ተምቤን ውስጥ፣ ዓቢ ዓዲ አካባቢ ያለ የተራራ መተላለፊያ ነው። በጥር 1928 ዓ.ም. የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር እዚያ ከብቦ ያስጨነቀው ይህንኑ ክፍለ ጦር ስለሆነ ሁለቱ ቃላት አንድ ካርድ ላይ መገኘታቸው በጣም ጠንካራ ፍንጭ ነው።

የሮማ ቁጥሩ የፋሽስቶች ዘመን አቆጣጠር ነው። ከ1922 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፣ ዓመቱም የሚለወጠው ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። 14ኛው ዓመት ከኦክቶበር 1935 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1936 መጨረሻ ይሄዳል። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ በጅምላ 8 አይቀንሱ፤ ኖቬምበር 1935ም ጃንዋሪ 1936ም 1928 ዓ.ም. ናቸው። ጣሊያኖች የሻለቃ ጦር ቁጥርንም በሮማ ቁጥር ይጽፉ ስለነበር ዓመት ነው የሚባለው ከቀኑ ጎን ሲሆን ብቻ ነው።

ቴምብር ሰብሳቢ
ማህተሙ ላይ «ፖስታ ሚሊታሬ» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር አጥርታችሁ አንብቡ። ቁጥሩ የቦታ ስም አይደለም፤ ከጦሩ ጋር የሚንቀሳቀስ ፖስታ ቤት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ያለ ቀኑ ብዙ አይረዳም፤ ያው ቁጥር ዛሬ አዲግራት፣ ከወራት በኋላ ደሴ ሊሆን ይችላል። ለደበዘዘው ቀን ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ባትሪ ከጎን በዝቅታ አብሩበት፤ ማህተሙ ወረቀቱን የጫነበት ቦታ ጥላ ይሠራል። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉና የቀለም ቻናሎቹን (ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን) ለየብቻ እዩ።

ቴምብር አለመኖሩ አያስጠረጥርም፤ የጦር ሜዳ ፖስታ በነጻ የሚያልፍበት አሠራር ነበር። የሚያስጠረጥረው ማህተሙ ጥግ ላይ በቀጥታ መስመር ተቆርጦ ሲቀርና አራት ማዕዘን ንጹህ ቦታ ሲኖር ነው፤ ያኔ ቴምብሩ ተነቅሏል ማለት ነው።

ፎቶ ቤት
ፎቶውን ከጽሑፉ ለይታችሁ መርምሩ። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካሉት በማተሚያ ቤት በብዛት የታተመ ነው፤ የሚታዩት ወታደሮች ከላኪው ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖራቸው ይችላል። ነጠብጣብ ከሌለውና ጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ላይ ብርማ አንጸባራቂ ካወጣ በፎቶ ወረቀት የታጠበ ነው፤ ከክፍሉ ውስጥ የተነሳ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

ለሐሰተኛነቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት ያብሩበት። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ የማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ያ ኬሚካል ወረቀት ውስጥ የተለመደው ከ1950 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እባካችሁ ውሃም ላጲስም አታስነኩት፣ ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል። ማስቀመጫው የፖሊስተር ከረጢት ይሁን፤ ፒቪሲ ከጊዜ በኋላ ፎቶው ላይ ይጣበቃል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ፊርማው የመጠሪያ ስም ብቻ ነው፤ የተቀባዩ ሙሉ ስምና ከተማ ግን ይነበባል።

መዝገብ ፈታሽ
እንግዲያው መንገዱ በተቀባዩ በኩል ነው። የሰላምታው ቃል «ካራ ማማ» (ውድ እናቴ) ወይም «ካሮ ፓፓ» (ውድ አባቴ) ከሆነ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ሊሆን ስለሚችል ላኪውን በዚያ ስም ይፈልጉ። ጣሊያን ውስጥ የወታደሮች የግል መዝገብ «ሩዎሎ ማትሪኮላሬ» ይባላል፤ ወታደሩ ከተወለደ ከ70 ዓመት በኋላ በየአውራጃው ወዳለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይተላለፋል። ጥያቄ ሲልኩ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዓመትና የትውልድ ቦታ ይጠየቃሉ። ዓመቱን ካላወቁ በ1928 ዓ.ም. ለውትድርና ከሚደርስ ዕድሜ ተነስተው የ10 ዓመት ክልል ይስጡ፤ ከተማው ትንሽ ከሆነ መዝገቡን ማጥበብ አይከብድም። የካርዱን የጀርባ ስካን አብረው ይላኩ፤ የመዝገብ ሠራተኛው የእጅ ጽሑፉን ከእርስዎ በተሻለ ያነበዋል።