የደሴቱ ገበሬ ምርት ከደሴቱ ሆቴል ማዕድ ለምን አይደርስም?

የገጠር ልማት ተማሪ፦

ስለ ትናንሽ ደሴት አገሮች ኢኮኖሚ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ አንድ ነገር ግን እንቆቅልሽ ሆኖብኛል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ከእነዚህ አገሮች ግማሽ ያህሉ ከሚመገቡት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ ያስገባሉ። በሌላ በኩል በብዙዎቹ ደሴቶች ላይ አነስተኛ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች አሉ፤ ጎብኚም በየዓመቱ በብዛት ይመጣል፤ ጎብኚው ደግሞ በየቀኑ ይመገባል። ገዢና ሻጭ በአንድ ደሴት ላይ፣ አንዳንዴም በእግር በሚደረስበት ርቀት እያሉ፣ ሆቴሉ ቲማቲሙንና ሐብሐቡን በመርከብና በአውሮፕላን የሚያስመጣው ለምንድን ነው? ካነበብኳቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ «ገበሬው በቂ መጠን አያመርትም፤ ጥራቱም ዝቅተኛ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ይህ መልስ አልተዋጠልኝም፤ ምክንያቱም እነዚሁ ጽሑፎች ጥቂት ገጾች አለፍ ብለው ገዢ አጥቶ ማሳ ላይ ስለሚበሰብስ ምርት ያወራሉ። ምርቱን ወደ ሆቴሉ ከመውሰድ ይልቅ ጎብኚውን ወደ ማሳው ማምጣት ይሻል እንደሆነም ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የሆቴል ግዢ ባለሙያ፦

ውድ ጠያቂ፣ በደሴት ሆቴሎች የምግብ ግዢ ክፍል ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ የጥርጣሬዎን ትክክለኛነት በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። ጥራትና መጠን የሚባሉት ምክንያቶች እውነትነት ቢኖራቸውም ብዙውን ጊዜ የሌላ ችግር ውጤቶች ናቸው፤ ዋናው ችግር የክፍያ ጊዜ ነው። አንድ ሆቴል ዕቃ የሚገዛው በዱቤ ነው፤ ደረሰኙ ተመርምሮ፣ ተፈርሞና ወደ ሒሳብ ክፍል አልፎ ገንዘቡ እስኪወጣ ድረስ 30 ቀን፣ 60 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። መጋዘንና የባንክ ብድር ያለው አስመጪ ይህን ያህል መጠበቅ ይችላል። አነስተኛው ገበሬ ግን ሰኞ ላስረከበው ሰላጣ ቅዳሜ የቀን ሠራተኛ መክፈል፣ በማግሥቱም ዘር መግዛት አለበት። ስለዚህ መንገድ ዳር የቆመ ነጋዴ ከሆቴሉ ባነሰ ዋጋ ጥሬ ገንዘብ ሲያሳየው ምርቱን ለእርሱ ይሸጣል፤ ሆቴሉ በበኩሉ ሳጥኑ ጎድሎ ሲመጣ «ይህ ገበሬ አይታመንም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ብዬ የዘጋኋቸው መዝገቦች ነበሩ፤ ገበሬዎቹ ልክ እንደነበሩ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቀን መቁጠሪያ አለመጣጣም ነው። ቲማቲም ከችግኝ ተከላ እስከ ለቀማ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሆቴሉ በእነዚያ ሳምንታት ስንት ክፍል እንደተያዘለት አስቀድሞ ቢያውቅም ያንን ቁጥር ለገበሬው የሚነግረው የለም፤ ገበሬዎቹም ዝናቡን ተከትለው ሁሉም በአንድ ሳምንት ስለሚተክሉ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይለቅማሉ። በዚያ ሳምንት ምርቱ ይበሰብሳል፤ ከወር በኋላ ደግሞ አይገኝም። እርስዎ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «እጥረት» እና «ብክነት» ጎን ለጎን ያዩት ለዚህ ነው። በካሪቢያን ደሴቶች የጎብኚው ብዛት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፣ በሜዲትራኒያን ደሴቶች ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም ወቅቶች በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። ስለዚህ ገበያው በሚደምቅበት ጊዜ የሚሸጠው ውኃ ያጠራቀመ ገበሬ ብቻ ነው፤ ለእኔ አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ከአሥር የሥልጠና ሰነዶች ይበልጣል።

ጃማይካ ውስጥ ሳንዳልስ የተባለው የሆቴል ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመረውን የገበሬዎች መርሐ ግብር ቢመለከቱ ይጠቅምዎታል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ምግብ አብሳዮችና ኃላፊዎች ማሳ ድረስ ሄደው ያያሉ፤ ገበሬዎች ወጥ ቤት ገብተው ምርታቸው ምን እንደሚሆን፣ የትኛው ሐብሐብ ለምን እንደሚመለስ በዓይናቸው ያያሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ ካየ በኋላ «ጥራት» የሚለው ቃል መጠንና ቀለም ያለው፣ ሊስማሙበት የሚችሉት ነገር ይሆናል።

የኅብረት ሥራ አማካሪ፦

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የምጨምረው ግን አለኝ። ሆቴሉ ክፍያውን እንዲያፋጥን መለመን ብዙ ሲሞከር አይቻለሁ፤ አንድ ሥራ አስኪያጅ ይስማማል፤ እርሱ ሲዛወር ስምምነቱም አብሮት ይሄዳል። የተሻለው መንገድ በገበሬውና በሆቴሉ መካከል የሚቆም ማኅበር ማቋቋምና ለማኅበሩ ተዘዋዋሪ ገንዘብ መስጠት ነው። ማኅበሩ ምርቱን በተረከበበት ዕለት ለገበሬው ይከፍላል፤ ሆቴሉ ከሁለት ወር በኋላ ሲከፍል ገንዘቡ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ማኅበሩ የሃያ ገበሬዎችን ትንንሽ ርክክብ በአንድ ደረሰኝ ማቅረብ ስለሚችል የሆቴሉ ሒሳብ ክፍልም ከአስመጪው ጋር እንደሚሠራው ሁሉ ይሠራል። ለሆቴል የማይሆነውን ጠማማ ካሮትና የተጫረ ማንጎ ለይቶ ወደ ጭማቂ፣ ወደ ማርማላታ ወይም ወደ መንደር ገበያ የሚልክም እርሱ ነው። ጃማይካ ገበሬና ሆቴል የሚገናኙበት አሌክስ የተባለ የኢንተርኔት መድረክ አላት፤ እንዲህ ያለው መድረክ ማን ምን እንዳለው ያሳያል፤ ነገር ግን ቅዳሜ የሚከፈለውን ደመወዝ አይከፍልም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በሳሞአ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሴቶች የንግድ ልማት ድርጅት ከመንደር ቤተሰቦች ጋር ተቀራርቦ እየሠራ፣ የኦርጋኒክ (ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የማምረት) ማረጋገጫ እንዲያገኙ እየረዳ፣ ምርታቸውን ለምግብ ቤቶች የሚያደርስ በመሆኑ ለጽሑፍዎ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ብናገር ይቅርታ ይደረግልኝ። ገበሬውን ለአንድ ሆቴል ብቻ እንዲያመርት ማድረግ አደገኛ ነው። በካሪቢያን ባለችው በኔቪስ ደሴት ትልቁ ሆቴል በጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. በአውሎ ነፋስ ተጎድቶ ከተዘጋ በኋላ እንደገና የተከፈተው በ2010 መጨረሻ ነው። ፊጂ በመጋቢት 2020 ለጎብኚዎች የዘጋችውን ድንበር መልሳ የከፈተችው በታኅሣሥ 2021 ነበር፤ በእነዚያ ወራት ከሆቴል ሥራ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ወደ መንደራቸው ተመልሰው የቤተሰባቸውን ማሳ ቆፍረዋል። ያ ማሳ ቀድሞ በሙሉ ለሆቴል በሚሆን ሰላጣ ቢሸፈን ኖሮ ምን ይበሉ ነበር? ስለዚህ ሥራ ሥሩና የቤተሰቡ ቀለብ ከመሬቱ ላይ እንዳይነሳ፣ ለሆቴል የሚሸጠውም ከጠቅላላው ምርት ግማሽ እንዳያልፍ ማኅበራቱን ሁልጊዜ እመክራለሁ።

የመልክዓ ምድር ተመራማሪ፦

ጎብኚውን ወደ ማሳ ስለማምጣት ለተነሣው ጥያቄ መልሴ «ይቻላል፤ እርሻው እርሻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ» የሚል ነው። ሰርዲኒያና ሲሲሊን የመሰሉ ደሴቶች ያሏት ጣሊያን በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችውና በ2006 በተካችው ሕግ መሠረት እንግዳ የሚቀበል ገበሬ የእርሻ ሥራው ከማስተናገዱ ሥራ መብለጥ አለበት፤ ከሚያቀርበው ምግብም የተወሰነው ከራሱ ማሳ መምጣት አለበት። ይህ ድንጋጌ ባይኖር ገበሬው ቀስ በቀስ መሬቱን ትቶ አልጋ አከራይ ይሆን ነበር።

ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በላንዛሮቴ ከ1730 እስከ 1736 እ.ኤ.አ. የዘለቀው የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ለም መሬቱን በጥቁር ጠጠር ሸፈነው። ገበሬዎቹ ጠጠሩን እየቆፈሩ ከሥሩ ባለው አፈር ላይ ወይን ተከሉ፤ በየጉድጓዱ ዙሪያም የግማሽ ክብ የድንጋይ ግንብ ሠርተው ከነፋስ ከለሉት፤ ጠጠሩ እርጥበት ስለሚይዝ ዝናብ በጣም በሚያንስበት በዚያ አገር ወይኑ ጸደቀ። ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፈው ይህን የእጅ ሥራ ለማየት ነው። በኢንዶኔዥያዋ ደሴት በባሊም በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የእርከን ሩዝ ማሳ የሚጠብቁት ሱባክ የተባሉት የገበሬዎች የውኃ ማኅበራት ናቸው፤ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍሉትም እነርሱ ናቸው። ነገር ግን እርከኑን የሚጠግነው ገበሬ ሆኖ ሳለ ዕይታውን የሚሸጠው ከፊት ለፊቱ ያለ ምግብ ቤት ወይም ሆቴል ሊሆን ይችላል። መታየቱ ብቻ ገበሬውን አይመግበውም። ስለዚህ በጽሑፍዎ ላይ «ስንት ጎብኚ መጣ?» ከማለት ይልቅ «ከመግቢያው ክፍያ ስንቱ የእርከን መጠገኛ ሆነ?» ብለው ቢጠይቁ እመርጣለሁ፤ በዛንዚባር የቅመም እርሻ ጉብኝት ላይም ከአስጎብኚው ክፍያ ለማሳው ባለቤት የደረሰው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

የገጠር ልማት ተማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ተዘዋዋሪ ገንዘቡ ምን ያህል መሆን እንዳለበት እንዴት ይሰላል?

የኅብረት ሥራ አማካሪ፦

ሆቴሉ ለመክፈል በተግባር የሚፈጅበትን ጊዜ ከውሉ ሳይሆን ከአሮጌ ደረሰኞች ይቁጠሩት። ለምሳሌ ክፍያው በአማካይ ዘጠኝ ሳምንት የሚዘገይ ከሆነ የአንድ ሳምንትን ርክክብ ዋጋ በዘጠኝ ያባዙት፤ ማኅበሩ በማንኛውም ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ የሚጠብቀው ገንዘብ ያ ነው። በዚያ ላይ ለተመላሽና ለተበላሸ ምርት የሁለት ሳምንት ዋጋ ይጨምሩበት። ስሌቱን ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ባለው ርክክብ ይሥሩት፤ በዓመቱ አማካይ ከሠሩት ሣጥኑ ባዶ የሚሆነው ገበሬው ብዙ ባስረከበበት ወር ነው።